የዋንዛው ክዳን

ደርባን፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ክብሩ፣

በጌታ ፍቅር የከበረ ሰላምታዬ አርባ ምንጭ ድረስ ይድረስዎት። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ስሙ ይመስገን ደህና ነኝ። ከቤት ከወጣሁ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የደወልኩት ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሁለቴም መስመሩ አይሰማም ብዬ ዘግቼዋለሁ። መስመሩ ይሰማ ነበር። ድምፅዎን ስሰማ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

ስለዚህ በእጄ ጽፌ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በጌጤ ስልክ ልኬዋለሁ። ዓይንዎን ሞራ እንደጋረደውና ልጅዎ ጌጤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምዕራብ ዓባያ እየመጣች እንደምታነብልዎት እናቴ ነግራኛለች። ጌጤ እህቴ፣ ላንቺም ሰላም ይሁን። ማስተማሩ እንዴት ይዞሻል?

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አሁን የምኖረው ወደብ ላይ በታሰረ አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፤ ጀልባውን እየጠገንኩ እንድኖርበት ፈቀደልኝ። ወደ ውስጥ የሚገባው ከላይ የሚንሸራተተውን የእንጨት ክዳን ገፍቶ ነው። ይኼ ክዳን ሲከፈትም ሲዘጋም ይጮኻል። ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያ ፍሬኑ ያለቀ አይሱዙ ሲቆም የሚያሰማውን ድምፅ ያስቡት። አጠገባችን ባለው ጀልባ አራስ ልጅ አለች፤ ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ትባንናለች። እናቷ በመጀመሪያ ሳቀች፣ አሁን ግን ለጀልባው ባለቤት ነግራዋለች። ወይ ጠግነው ወይ ልቀቅ ተብያለሁ።

እርስዎ ያሳደጉት እጅ ነውና እዚህ አገር ስንት በር፣ ስንት ቁም ሣጥን ጠግኛለሁ። ይኼን ግን ሁለት ወር ሙሉ እያየሁት መንካት አቃተኝ። መሮ ይዤ እቀርብና እመለሳለሁ። እባክዎ ከየት እንደምጀምር ይንገሩኝ።

ልጅዎን ዳናን አልረሳሁትም። ይኼንን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

የእህትዎ ልጅ ደግነት

*

አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለደግነት፣

የጌታ ሰላም ካለህበት ይግባ። እኛ እንዳለን አለን። የምናገረው እኔ ነኝ፣ የምትጽፈው ጌጤ ናት። ሳታሳምሪ ጻፊ ብያታለሁ፤ አስተማሪ ስለሆነች አፏን ታጣምማለች።

ሰው ሰባት ዓመት ጠፍቶ ሲጽፍ ስለ ሚስት ይጽፋል፣ ስለ ልጅ ይጽፋል። አንተ ስለ ክዳን ጻፍክ። ግድ የለም፣ የአናጢ ልጅ ሌላ ምን ይጽፋል።

ስማኝ። ክዳን የሚጮኸው አንድ ቦታ ስለሚያመው ነው። መጀመሪያ በቀስታ ግፋውና በጆሮህ ቦታውን ፈልግ። በጠመኔ ምልክት አድርግ። ከዚያ ክዳኑን ሙሉ በሙሉ አውጣው፤ በላዩ ላይ ተቀምጠህ ላስተካክል አትበል። የሚሄድበትን ቦይ ጥረግ፤ የባሕር ውሃ ጨው አለው ይባላል፣ ጨው ተጋግሮ ይሆናል። ከሥሩ አብረቅርቆ የጠቆረ ቦታ ካለ የሚፋተገው እዚያ ነው። እሱን ብቻ በመላጊያ ሳሳ አድርገው፤ ብርጭቆ ወረቀት ምታው፤ ከዚያ ሻማ አሸው። ዘይት አይሆንም፣ አቧራ ይሰበስባል። ቦዩ ውስጥም ምንም ነገር አትጠቅጥቅ። ክፍተት ይኑረው። እንጨት ይተነፍሳል።

ስለ ክዳን ካነሳህብኝ እኔም ላንሳ። አንተ የነበርክበትን ነገር ላንተ መንገር ሞኝነት ነው፤ ግን ለማን ልንገር? በ2010 ለዳና ያቺን የሞተር ጀልባ ስሠራለት እንግዶች ጭኖ ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ እያሳየ እንዲኖርባት ነበር። የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን ሳጥን ከፊት አደረግኩት፤ በላዩ ተንሸራታች የዋንዛ ክዳን ገጠምኩለት። ጮኸ። እንግዶች ጆሯቸውን ያዙ፤ ወፎቹ ይነሱባቸዋል። አስተካክልለት አልኩህ፤ አስተካከልከው፤ ዝም አለ። ከዚያ ሳምንት አልሞላም። ዳና ሁለት ዓሣ አጥማጆች አሳፍሮ ሐይቁ ላይ ሳለ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ሙቀት ነው ብለው ሦስቱም ጃኬታቸውን አውልቀው ሳጥኑ ውስጥ ከተውት ነበር። ሁለቱ ዓሣ አጥማጆች ጀሪካን ይዘው ተንሳፍፈው ወጡ። ዳናን ክዳኑን በሁለት እጁ ሲጎትት አይተውታል። ክዳኑ አልተከፈተም። ዳናንም ጀልባዋንም ሐይቁ በላቸው።

ዋንዛው አልደረቀም ነበር፤ እንግዶች ሳይመጡ ልድረስ ብዬ ቸኮልኩ። ፀሐይ ሲመታው ተጣመመና ልጄ ላይ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ጀልባ አልሠራሁም፤ የጌታን እራትም አልቆረስኩም። መጋቢው ይመክሩኛል። እኔ ግን ለኅብስቱ የምዘረጋው ክዳኑን የሠራውን እጅ ነው።

የግቢያችን የቆርቆሮ በር አሁንም ይጮኻል። ዘይት የሚቀባው ዳና ነበር። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ግን ማን እንደገባ የማውቀው በጩኸቱ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ሲከፍተው ለየብቻ ይጮኻል።

አጎትህ ክብሩ

*

ደርባን፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስዎት። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እንዳሉኝ ክዳኑን በቀስታ ስገፋው የሚጮኸው በግራ በኩል፣ መሀሉን አለፍ ብሎ ሆኖ አገኘሁት። በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ መሮውን አስቀምጬ ተውኩት። አየሩ ይሆናል፤ እዚህ ንፋስ ነው።

ስለ ዳና ያሉት ልቤን ሰበረው። አጎቴ፣ ራስዎን አይውቀሱ። የጌታ ፈቃድ ነው፤ የሰው ቀኑ የተቆጠረ ነው። ስለ ዋንዛው ብዙም አላስታውስም፤ ጊዜው ርቋል። እርስዎን የሚያህል አናጢ ግን አርባ ምንጭ ላይ አልነበረም፣ ይኼን ሁሉም ይመሰክራል።

ጎረቤቴ ልጇ ከመተኛቷ በፊት እንድገባ ጠይቃኛለች። ስለዚህ ከሥራ ስመለስ አመሻሹ ላይ ክዳኑን አንዴ ከፍቼ ገብቼ እስኪነጋ አልወጣም። እራቴን ውጭ ብረሳው እንኳ ሳልበላ አድራለሁ።

ጌጤ፣ ስላነበብሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ደብዳቤው ላይ አንድ ቦታ ቀለም ፈስሷል፣ ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ደግነት

*

አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለደግነት፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። በግራ በኩል ከሆነ አንድ ምስማር ወይም ብሎን ራሱን አንሥቶ ይሆናል። ክዳኑን ሳታወጣ አታገኘውም። ብዬህ ነበር። መሮውን ያስቀመጥከውም በንፋስ አይደለም፤ በሐይቁ ንፋስ ውስጥ ያሳደግኩት እጅ ነው።

የጌታ ፈቃድ የምትለውን ለቅሶ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ድንኳን ውስጥ የገባ ሁሉ ብሎኛል። ካንተ የምፈልገው ሌላ ነው።

አባቶቻችን ጎሜ ይሉ ነበር። የተሰወረ በደል ቤት ይገባና ቁጭ ይላል፤ ከብት ያከሳል፣ ልጅ ያሳምማል። በደለኛው በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ በገዛ አፉ እስኪናገረው ድረስ አይወጣም። ጌታን ካገኘን ወዲህ ይኼን ትተናል፤ መተዋችንም ደግ ነው። ነገር ግን በአፍ መናገሩን ለምን እንደተውነው አልገባኝም። ስለዚህ ወስኛለሁ። የፋሲካ እሑድ፣ የጌታ እራት ከመቅረቡ በፊት፣ ጉባኤው ፊት እቆምና “ዳናን የገደልኩት በእርጥብ እንጨት ነው” እላለሁ። መላጊያዬን፣ መጋዜን፣ መሮዎቼን በሙሉ ሲቀላ ሰፈር ያለ አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ሊወስዳቸው ተስማምተናል፤ ከበዓሉ በኋላ ይመጣል።

ጌጤ አልጽፍም ብላ ብዕሩን አስቀምጣ ነበር። ለምኛት ነው የቀጠለችው።

ሰው ፊት የምናገረው ውሸት እንዳይሆን ግን ምስክር ያስፈልገኛል። ያንን እንጨት የነካን እኔና አንተ ብቻ ነን። ስትልገው እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ? አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ።

ክብሩ

*

ደርባን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንኳን ለጌታችን ልደት አደረስዎት። ሥራ በዝቶብኝ አጭር ነው የምጽፈው። የዓይን ሞራ በአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና እንደሚነሣ ሰው ጠይቄ ተረድቻለሁ። ጌጤ ሐኪም ቤት ትውሰድዎትና ወጪውን እኔ እችላለሁ። ዓይንዎ ከበራ ሌላው ሁሉ ይቀላል። ጉባኤ ፊት የመቆሙን ነገር እባክዎ አይቸኩሉበት።

ደግነት

*

አርባ ምንጭ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደግነት፣

ሰላም ነህ? የጠየቅኩህ ስለ ዓይን አይደለም። የጠየቅኩህ ስለ እንጨት ነው።

ክብሩ

ደግነት፣ ይህን የምጨምረው ከራሴ ነው፤ አባባ አያውቅም። ደብዳቤህን ሳነብለት “ከዚያስ?” አለኝ። አለቀ አልኩት። “ሌላ ገጽ የለውም?” አለኝ። የለውም ስለው ስልኩን ከእጄ ወስዶ በማያይ ዓይኑ አገላብጦ አየው። የምታውቀው ነገር ካለ ንገረው። ጌጤ።

*

ደርባን፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ክብሩ እና ለእህቴ ለጌጤ፣

ሰላምታ ለመጻፍ እጄ አልደፈረም፤ ይቅር በሉኝ።

ከሁለት ወር በላይ ዝም ያልኩት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ስምንት ደብዳቤ ጽፌ ስምንቱንም ቀድጃለሁ። ባለፈው እሑድ የጀልባውን ክዳን አወጣሁት። እንዳሉት ነው፣ አንድ ብሎን ራሱን አንሥቶ ሥሩን ይቧጭረው ነበር። አጠበቅኩት፣ የጠቆረውን ላግኩት፣ ሻማ አሸሁት፣ ክፍተት ተውኩለት። ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ስመልሰው በአንድ ጣት ተገፋ። ምንም ድምፅ የለውም። ጎረቤቴ ልጇን አዝላ አጨበጨበችልኝ። እኔ ግን ዝም ሲል ፈራሁ። ይከፈት እንደሆነ ለማየት ሃያ ጊዜ ከፍቼ ሃያ ጊዜ ዘጋሁት። ሴትዮዋ ማጨብጨቧን ትታ ወደ ጀልባዋ ገባች።

ዋንዛው ደረቅ ነበር።

አጎቴ፣ ደረቅ ነበር። መላጊያውን አንድ ጊዜ ብቻ አሳርፌበት ነበር፤ የወጣው ፍቅፋቂ እንደ ወረቀት እየተሰበረ ነው የወደቀው። አንድ ጊዜ ብቻ ያልኩት ከዚያ በኋላ ስላልላግኩት ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ጨንቻ የጓደኛዬ ሠርግ ነበረ፤ መኪናው ሲቀላ ሰፈር ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። እርስዎ አውጣው፣ ላገው፣ ሰም ቀባው ብለውኛል፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። እኔ በግማሽ ሰዓት ጨረስኩት። የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቀድጄ ቦዩ ውስጥ ግራና ቀኝ በማስቲሽ ለጠፍኩት። ክዳኑ ጎማው ላይ ሲሄድ ድምፁ ጠፋ። ትንሽ ይጠብቃል፣ ሲለመድ ይለቃል ብዬ ሄድኩ። ላግከው ወይ ሲሉኝ ላግኩት አልኩ። ዳና እጅህ ይባረክ ብሎ ትከሻዬን መታኝ።

ማስቲሹ በፀሐይ እንደሚቀልጥ፣ ሲቀልጥም እንጨቱን ከጎማው ጋር እንደሚያጣብቅ የአናጢ ልጅ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ያን ሳምንት የጫሞ ፀሐይ እንዴት እንደነበረ ታስታውሳላችሁ።

ዓሣ አጥማጆቹ “ክዳኑ እምቢ አለው” ሲሉ እዚያው ቆሜ ነበር። በዚያች ደቂቃ ገባኝ። እርስዎ ወድቀው “እንጨቴ ነው፣ እንጨቴ ነው” ሲሉ ከመሬት ያነሣሁዎት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ! ነገ እናገራለሁ አልኩ። ከአርባው በኋላ አልኩ። ከዚያ በሞያሌ ወጣሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉኝ ነበር፤ ሲሮጡ የለጠፉት ግን ለዳና አልተፈታለትም።

ዳናን የገደልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ አይደሉም። ጉባኤ ፊት እንዳይቆሙ። መሣሪያዎን አይስጡ።

ጌጤ፣ ይህንን ድምፅሽን አውጥተሽ የምታነቢው አንቺ መሆንሽን እያወቅኩ ነው የጻፍኩት። ሌላ መንገድ አጣሁ። ደውዬ ልናገር ሞከርኩ፤ “ሃሎ” እልና መልሼ እዘጋዋለሁ።

ደግነት

*

አርባ ምንጭ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደግነት፣

ጌጤ ነኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ምዕራብ ዓባያ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነው። ልጆቹን አንብቡ ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሦስት ቅዳሜ አላነበብኩለትም። ደግነት ጻፈ ወይ ይለኛል፤ አልጻፈም እላለሁ። ለአባቴ ዋሽቼ አላውቅም፤ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እውነቱን ልንገርህና፣ ላንተ አዝኜ አይደለም። ካነበብኩለት ዳና ሁለተኛ የሚሞት መሰለኝ። ክዳኑን በእጁ ይዞ የሚጎትተው ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር።

አራተኛው ቅዳሜ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። አባባ ለነገው ኮቱን አስወጥቶ፣ ጉባኤው ፊት የሚለውን ቃል ብቻውን ሲለማመድ ሰማሁት። “በእርጥብ እንጨት” ይላል፤ ያቆማል፤ እንደገና ይጀምራል። ያን ጊዜ አልቻልኩም። አስቀምጬው አነበብኩለት።

“ዳናን የገደልኩት እኔ ነኝ” የሚለው ጋ ስደርስ አባባ ፊቱን ወደኔ አዞረ። አያየኝም፤ ድምፄን ነው ያየው። ያንን ቃል በራሴ አፍ፣ በአባቴ ፊት፣ ወንድሜ ባደገበት ቤት አልኩት። ከዚያ የፍቅፋቂውን ቦታ ድገሚልኝ አለኝ። ደገምኩለት። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መዳፉን ሲዳብስ ቆየና፣ “ደረቅ ነበር ለካ” ብሎ አለቀሰ።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ይዤው ሄድኩ። ለመናገር አልቆመም። ጽዋው ሲደርሰው በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ። እኔ ግን አሳለፍኩት። ሰባት ዓመት እሱ ያሳልፈው ነበር፤ አሁን ተራው የኔ ሆነ። ይህንን ማወቅ አለብህ።

ከዚህ በታች ያለው የእሱ ቃል ነው፤ ሳላሳምር ጽፌዋለሁ፦

“ደግነት፣ ሰላም ብዬሃለሁ። መሣሪያዬን አልሰጠሁም፤ ሰውየው መጥቶ ባዶውን ተመለሰ። ክዳኑ ጥፋት ነው፤ ልጅ ሆነህ ቸኩለህ ያጠፋኸው ነው፤ እኔም ሥራህን ሳላይ ያመንኩህ ጥፋተኛ ነኝ። ዝምታህ ግን ጥፋት ብቻ አይደለም። የኔ ያልሆነውን ተሸክሜ ስጎብጥ ሰባት ዓመት ከሩቅ አየኸኝ። ከማዕበሉ ይልቅ የከበደኝ እሱ ነው። አትዋሽ ብዬ አላሳደግኩህም ወይ?

ይቅርታ ትጠብቅ ይሆናል። ይቅርታ በስልክ ፎቶ አልልክም። ‘እኔ ነኝ’ የሚለውን ቃል የሰማሁት ከልጄ አፍ ነው። ያ ቃል የእሷ አይደለም። የወንድሟን ደም በገዛ አፏ አስነገርካት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ስትበላ አልሰማትም። መጥተህ ቃልህን ከአፏ ውሰድ። በሽማግሌዎች ፊት ቆመህ በራስህ ድምፅ ተናገር። የዚያን ጊዜ የምለውን የዚያን ጊዜ እላለሁ። ክብሩ።”

የሱ ይኼ ነው። እኔ የምጨምረው ትንሽ ነው። ብትመጣ በሰላም እንደምቀበልህ ቃል አልገባልህም። ምን እንደማደርግ አላውቀውም።

ዛሬ ጠዋት የግቢውን በር ዘይት ልቀባው ጠርሙሱን ይዤ ወጥቼ ነበር፤ ጩኸቱ ሰልችቶኛል። አባባ ኮቴዬን ሰምቶ ከውስጥ ተጣራ። ምን ልታደርጊ ነው አለኝ። ነገርኩት።

“ተዪው” አለኝ። “ደግነት ሲገባ ልሰማው እፈልጋለሁ።”

ጌጤ